ሲቀበር ያየ አለ?

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በሐይቁ ዳር የዘማቾች ሐውልት ተመረቀ። በእብነ በረዱ ላይ የአጎቴ ልጅ ስም ተቀርጿል። ለአጎቴ ግን መርዶ የነገራቸው ሽማግሌ አልነበረም።

"ጋሼ፣ ስሙ ተጽፏል እኮ" አልኋቸው በሹክሹክታ።

"ታዲያ ድንጋዩ ሲቀበር አይቶታል?" አሉኝ።

ተዝካር አላወጡም። ከጎርጎራ ጀልባ በመጣ ቁጥር ወደቡ ላይ ጠብቀው፣ የሚወርደውን ወታደር ሁሉ "ሲቀበር ያየ አለ?" ይሉ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ሰላም ሲላቸው እንኳ "ይኼ ሰው ምን ደብቆኝ ነው?" ይሉኛል።

ትናንት ቀበርናቸው። ወደቡ ላይ የሚቀመጡበት ግንድ ባዶውን ቀረ። ሊቀመንበሩ ለቅሶው ላይ "እንግዲህ ከልጃቸው ጋር ተገናኙ" አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም።

ዛሬ ጠዋት ለቄሱ የጸሎት ስም ስሰጥ አጎቴን ከሙታን፣ ልጃቸውን ከሕያዋን ጋር አስጻፍሁ።