ከኪል የመጡት ለቀስተኛ

ባለፈው ሐምሌ እዚህ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው ልጄ ደወለችልኝ። እኔ የምኖርበት የሜሪላንድ ወረዳ ከጎንደር ጋር እኅትማማች ነውና፣ ከዚያ ከሚመጡት እንግዶች አንዷን ቤቷ እንድታሳርፍ ተጠይቃ ነበር።

«አባዬ፣ ጌስቷ በቅርብ ወንድሟ ሞቶባታል አሉ። ባላነሳው ይሻላል አይደል? ሙዷን ላበላሽባት አልፈልግም።»

«ይህ በስልክ የሚመለስ አይደለም፤ እመጣለሁ» አልኳት። ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ ዋና ከተማዋን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ፣ ስሄድ፣ መንገዱ ተጨናንቆ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ያን ሰዓት ሙሉ ሳስብ የነበረው ስለ ኮቨንትሪ ነው።

በሃያ አራት ዓመቴ ምሕንድስና ልማር የሄድኩባት ኮቨንትሪ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ቦምብ ያፈራረሳት የእንግሊዝ ከተማ ናት። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ የእንግሊዝ ቦምብ እንደዚሁ ካፈራረሳት ከጀርመኗ ኪል ጋር ወዳጅነት መሠረተች። የአንዷ ነዋሪዎች ወደ ሌላዋ እየሄዱ በየቤቱ ያርፉ ነበር። እንግሊዞቹ «መንታ ከተሞች» ይሏቸዋል። የቃሉ ትክክለኛነት እስከ ዛሬ ያጠራጥረኛል፤ መንታ ከአንድ ማኅፀን ይወጣል፣ እነዚህን ሁለቱን ያገናኛቸው ግን ሐዘን ነው።

ክፍል ሳፈላልግ በየበሩ «አሁን ተይዟል» ተብዬ ተመልሻለሁ። ሚስስ ፔል ብቻ፣ ስድሳን የተሻገሩ ቀጭን መበለት፣ ፊቴን ትተው ጫማዬን አዩ። «ጭቃ ታስገባለህ?» «አላስገባም።» በዚሁ ገባሁ። እንግሊዝኛ አንተንና አንቱን ባይለይም፣ በልቤ አንቱ ከማለት አላቋረጥኩም።

ባላቸው በአየር ድብደባው ጊዜ እሳት ሊያጠፉ ወጥተው አልተመለሱም። ይህን የሰማሁት ከጎረቤት ነው፤ እርሳቸው አንድም ቀን አላነሱትም።

በሁለተኛው ዓመት፣ የኅዳር ዝናብ ቅጠሉን መንገድ ላይ በሚያበሰብስበት ወቅት፣ ከኪል አንድ እንግዳ ተመደበላቸው።

«የሰፈሩ ቄስ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ለመኑኝ፤ እሺ አልኩ» አሉኝ። «ከባቡር ጣቢያ ትቀበለዋለህ። ስለ አየሩ አውራው፣ ስለ አትክልት አውራው። ጦርነት በዚህ ቤት አይነሳም። ከተነሳ እሱ ሆቴል ይገባል፣ አንተም ሌላ ክፍል ትፈልጋለህ።»

የሚቀልዱ ሴት አልነበሩም። ፈተናዬ ደርሷል፤ በዚያ ብርድ ሌላ በር ማንኳኳት ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር።

እንግዳው ሄር ኖልተ (ሄር በጀርመንኛ አቶ ማለት ነው) የሚባሉ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኑ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በሲባጎ የታሰረ የእንጨት ሣጥን በብብታቸው የያዙ። አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ ባደግኩበት ደብረ ማርቆስ፣ ሐዘን የገባበት ቤት የሚመጣ ሰው፣ ዓመታት ቢያልፉም፣ ለቅሶ ሳይደርስ ማዕድ አይቀርብም። የሁለቱ ከተሞች መመላለስ ራሱ የዘገየ ለቅሶ መድረስ መሆኑን አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። የሚስስ ፔል ትእዛዝ ወሬን የሚመለከት መሰለኝ፤ ለቅሶ ደግሞ ወሬ አይደለም።

«ባላቸው የሞቱት በአየር ድብደባው ነው» አልኳቸው። «ስንገባ ቆመው ያጽናኗቸው። ከዚያ ቁጭ ይበሉና ዝም ይበሉ። እርሳቸው እስኪናገሩ ምንም አይጀምሩ።»

ሣጥናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «ይህ የእንግሊዞች ልማድ ነው?»

«የማንኛውም ሰው ልማድ ነው» አልኳቸው፣ በሙሉ እምነት።

በሩ ሲከፈት የበግ ጥብስና የተቀቀለ ጎመን ሽታ ተቀበለን። ሚስስ ፔል ገና ስለ ዝናቡ ሳይጨርሱ ሄር ኖልተ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እመቤቴ፣ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ስለ ባለቤትዎ አዝናለሁ።» ይህን ብለው፣ እንደነገርኳቸው፣ ተቀመጡና ዝም አሉ።

ሚስስ ፔል ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ብለህ ነው የነገርከው?»

«ለቅሶ እንዲደርሱ ነው፣ እመቤቴ። ስለ ጦርነት አንድ ቃል አልተናገርኩም።»

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት የገባኝ። ሻንጣዬ አልጋ ሥር የት ጋ እንዳለ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ሚስስ ፔል እጃቸውን በሽርጣቸው ደጋግመው ጠረጉ።

«ስሙን ያውቁታል?» አሉ በመጨረሻ፣ እንግዳውን።

«አላውቅም። ይንገሩኝ።»

«አርተር። በዚህ ሰፈር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሉም ሞቶበታል፤ ማን ማንን ይጠይቅ?» ቀጥለውም «እርስዎስ?» አሉ።

«እናቴና ታናሽ እኅቴ።»

«በእኛ አውሮፕላኖች?»

«አዎ።»

ሽርጣቸውን ፈቱና ወንበር ስበው ከፊታቸው ተቀመጡ። እንግዳ እያለ ሲቀመጡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። «በእናንተ አገር ምን ይባላል?» አሉኝ ሳያዩኝ። ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አሏቸው እንግዳውን፣ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል። ጥብሱ አረረ። የበላነው ሣጥኑ ውስጥ የነበረውን በጢስ የደረቀ ትንንሽ ዓሣ ነው፣ በቅቤ ዳቦ።

«ከነጭንቅላቱ ነው የሚበላው» አሉ ሄር ኖልተ።

«ጨዋ ሰው ዓይን ዓይኑን የሚያየውን ነገር አይበላም» አሉ ሚስስ ፔል፣ ጭንቅላቱን እየቆረጡ። ስለ ክፍሌ ዳግም አልተነሳም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይጻጻፉ ነበር። ሚስስ ፔል ሲያርፉ እኔ ሜሪላንድ ነበርኩ፤ ወሬውም የደረሰኝ ከወር በኋላ ነው፣ በሄር ኖልተ ደብዳቤ። «ቀብሩ ላይ ነበርኩ» ይላል። «አንተ ሩቅ ስለሆንክ፣ በአንተም ስም ቤቱ ሄጄ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ዘመዶቻቸው ምን እንደማደርግ አልገባቸውም። ሻይ ሰጡኝ።»

ለልጄ ይህን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ «ብታለቅስብኝስ?» አለችኝ።

«ታልቅስ። አንቺ ብቻ ሥራ አገኘሁ ብለሽ ወደ ኩሽና አትሂጂ።»

ያን ጊዜ የአገሩን ጠባይ ጠንቅቄ ባውቅ ኖሮ አፌን እዘጋ ነበር፤ ሦስታችንም ስለ ዝናቡ አውርተን እንለያይ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ነገር አጥንቻለሁ፣ ስለዚያም አመስጋኝ ነኝ። ይበልጥ የማመሰግነው ግን፣ ያላወቅሁትን ይቅር ብለው ያሳደሩኝን ሴትዮ፣ እኔ ልደርስላቸው ያልቻልኩትንም ለቅሶ ባሕር ተሻግረው የደረሱልኝን ሰው ነው።