የቀላው ናሙና

ፓርክላንድስ ሰፈር ያለው ላብራቶሪ የገባሁ ቀን አለቃዬ ዶክተር ዋንጂሩ ማሽን አላሳዩኝም። ከደም የተጣራ ፈሳሽ የያዙ ሁለት ቱቦዎች ወደ መስኮቱ አነሱና፣ "የትኛውን ትጥላለህ?" አሉኝ። አንዱ ቢጫ ነው፣ አንዱ ቀላ ብሏል። "የቀላውን" አልኩ። "በል ግባ፣ ሌላውን ቀስ እያልክ ትማራለህ።"

የምንለካው ማይክሮአርኤንኤ ነው። ጂን ፕሮቲን ለማሠራት መልእክት ይልካል፤ ማይክሮአርኤንኤ የምትባለው ቁራጭ መልእክቱ ላይ ተለጥፋ ታፍነዋለች። ጤነኛ ሰው ላይም ሥራዋ ይኸው ነው። በትልቁ አንጀት ካንሰር ግን ሚር-21 የምትባለው ትበዛና የሕዋሱን ፍሬን የሚይዙትን ጂኖች ዝም ታሰኛለች። ዕጢው በዚያ ያድጋል።

መብዛቷን የምናውቀው አትለዋወጥም ከምንላት ከሚር-16 ጋር አነጻጽረን ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ በሚር-16 የታጨቀ ነው። ቱቦ ውስጥ ከፈነዳ ፈሳሹ ይቀላል፣ ሚር-16 ያለቅጥ ትበዛለች፣ ሚር-21 ያነሰች ትመስላለች። በሽተኛው ጤነኛ ይባላል።

ዶክተር ዋንጂሩ ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ቱቦ ከመሃል ከተማ ክሊኒክ በቦዳቦዳ ሞተር፣ በፀሐይ፣ ሲናጥ መጣ። የቲማቲም ውሃ መስሏል። ስሙን አነበብኩ፤ ሁርሊንግሃም ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ምሳ የምበላባቸው እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው።

መዝገቡ ላይ "ተበላሽቷል፣ እንደገና ደም ይቀዳ" ብዬ ጻፍኩና አዲሱ ማኔጀር ጋ ገባሁ።

"ማሽኑ ቁጥር ይሰጣል አይደል?"

"ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው።"

"ቁጥር ከሰጠ ሪፖርት ይወጣል። ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም።"

አልሠራም አልኩ። በሌላ ባለሙያ አሠራውና "ኖርማል" ብሎ ፈረመበት። ሃኩና ሺዳ! የሰው ነፍስ ይዞ ሃኩና ሺዳ!

እኔስ? ጽፌያለሁ፣ ከእንግዲህ የራሱ ጉዳይ፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በሳምንቱ ምሳ ስሄድ እትዬ ጥሩወርቅ ፊታቸው ፈክቷል።

"አንተ የላብራቶሪ ሰው ነህ፣ ላንተ ምን አፍራለሁ፤ ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም ነበረኝ። ካሜራ ከኋላ ከምታስገቡብኝ ሞቴን ብዬ በደም ተመረመርኩ። ንጹሕ ነሽ አሉኝ! ኪንታሮት ነው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩና ፍርፍሬን በላሁ።

በአምስተኛው ወር አንጀታቸው ተዘግቶ ኦፕራሲዮን ሆኑ። የዕጢው ቁራጭ እኛው ጋ መጣ። ሚር-21 ጣሪያ ነክታለች፣ ካንሰሩ ንፍፊት ውስጥ ገብቷል። ወረቀቱን ማኔጀሩ ጠረጴዛ ላይ ወረወርኩለት።

"ምርመራው ገና አዲስ ስለሆነ ይሳሳታል" አለ።

"ምርመራው ምን በደለ! የበደልነው እኔና አንተ ነን!"

ልጠይቃቸው ሆስፒታል ሄድኩ። እዚሁ በሰው አገር ያደገችው ልጃቸው ሕሊና አልጋው ጥግ ተቀምጣለች። "አንተ እኮ እዛ ላብ ነው የምትሠራው። ሳምፕሉን አይተኸው ነበር?"

"አይቼዋለሁ። መበላሸቱን መዝገብ ላይ ጽፌ ነበር።"

እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ያን ቀን ምሳ ስትበላ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አዲስ ለምትገቡ የምለው አጭር ነው። ናሙና ሲበላሽ መዝገብ ላይ መጻፍ አይበቃም። የላከውን ሐኪም ስልክ ደውላችሁ፣ "ይህ ውጤት አይታመንም፣ እንደገና ቅዳ" በሉት። ይህ ምስጢር ማውጣት አይደለም፣ ሥራችን ነው። ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አልደወልኩም።