የልደታን ቧንቧ የሚያዳምጡት ሰው

ጋሽ ሁመድ ከወሎ መጥተው ልደታ ሲሰፍሩ ገና ጎረምሳ ነበሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው ከሰንጋ ተራ ወደ ልደታ ማርያም የሚወርደውን የውሃ ቧንቧ መቅበር ነበር። ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ እሳቸውም ሸብተዋል፤ ቧንቧውም አርጅቷል።

ማለዳ ማለዳ፣ መንገዱ በሰው ሳይሞላ፣ የወይራ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ጆሯቸውን ወደ ጫፉ ያስጠጋሉ። ከሥር የሚያፈስ ካለ በእንጨቱ ውስጥ ሽ ሲል ይሰማቸዋል። ባለቤታቸው ሳዲያ፣ «ምናለ እኔንም እንዲህ ብታዳምጠኝ» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ሰፈሩ የሚቀዳበት የቦኖው ውሃ ቀጠነ። የጣልያኑ መሐንዲስ አየውና «ብረቱ በስብሷል፤ መስመሩ ይዘጋ» አለ። አዲስ ቧንቧ የሚዘረጋው ለጣልያኖቹ ሰፈር ብቻ ነበር። እርጉዟ ጎረቤታቸው ማናለብሽ ባዶ እንስራዋን አቅፋ፣ «ጋሼ፣ እኔ በዚህ ሆዴ ወንዝ ወርጄ እወጣለሁ?» አለቻቸው።

ጋሽ ሁመድ ወንድማቸው በየካቲቱ ግድያ ከሞተ ወዲህ ጣልያን አነጋግረው አያውቁም። ያን ቀን ግን መሐንዲሱ ዘንድ ሄዱ። ለመሐንዲሱ አስተርጓሚ፣ «መስመሩ ደህና ነው በለው። የሚያፈሰው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ አሳየዋለሁ» አሉት።

ሦስቱን ቦታ በድንጋይ ምልክት አደረጉ፤ መሐንዲሱ ቆሞ እያየ ጎረቤቶች ቆፈሩ። አንደኛው ጉድጓድ ውሃ ሞልቶ ተገኘ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ደረቅ ሆነ። መሐንዲሱ ሊሄድ ዞር አለ።

ጋሽ ሁመድ ተንበርክከው እንደገና አዳመጡ። «አንድ ክንድ ወደ ቀኝ» አሉ።

ቆፋሪዎቹ ወደ ቀኝ ሲያሰፉት ጭቃው እየረጠበ መጣ፤ ከተሰነጠቀው መጋጠሚያ ውሃ ፊታቸው ላይ ተረጨ። መሐንዲሱ ዱላውን ተቀብሎ ራሱ አዳመጠ። ከዚያ ለመጠገኛ ሦስት ቀንና ጥቂት የእርሳስ ብረት ሰጣቸው።

መጋጠሚያዎቹን በቃጫ ጠቅጥቀው፣ እርሳስ አቅልጠው አፈሰሱባቸው። በሦስተኛው ቀን የቦኖው ውሃ ሞልቶ ወረደ። ጋሽ ሁመድ ጀርባቸውን ሰጥተው ፊታቸውን ታጠቡ፤ እንባቸውን ያየ ግን አይጠፋም። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ከክረምት በፊት በጣም የዛገውን አንድ የቧንቧ ብረት ብቻ እያወጡ በደህና ብረት ይተኩ ጀመር።

ጣልያን ሲወጣ የመስመሩ ካርታ ጠፍቶ ነበር። ማዘጋጃ ቤት አንድ ጸሐፊ ላከላቸው፤ እሳቸው እየሄዱ ነገሩት፣ እሱ እየተከተለ ጻፈ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሲደርሱ ጸሐፊው ደክሞት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ሁመድ ግን ገና መጀመራቸው ነበር።