ሁለት ስልክና አንድ ገደል

በሞባይል ካርታ ጉዳይ እኔን የሚያህል አዋቂ በመሥሪያ ቤታችን አልነበረም። አንዱ መንገድ መዘጋጋቱን ቀድሞ ያያል፣ ሌላው ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል እያልኩ በሻይ ሰዓት ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። በራሴ ስልክ አንዱን፣ በባለቤቴ ስልክ ሌላውን ጭኜ፣ ዳቦ ቤት ስንሄድ እንኳ የትኛው በደቂቃ እንደሚበልጥ አወዳድር ነበር። ባለቤቴ "እስክትወስን ዳቦው አለቀ" ትለኛለች።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ከመሐል ሜዳ ደወለ። "ጋሼ፣ አባባ በጣም ደክመዋል። አንተን እየጠየቁ ነው" አለኝ።

ከአባቴ ጋር ከተነጋገርን ሦስት ዓመት አልፎን ነበር። የእናቴ አርባ ሲወጣ ሥራ ይዞኝ ቀረሁ። እሳቸውም በስልክ "እንግዲህ እኔ ስሞት ትመጣለህ" ብለውኝ ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን በወንድሜ በኩል ነበር። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉልበታቸውን ስሜ "ይቅር ይበሉኝ" ማለትና "ይቅር ብዬሃለሁ" ሲሉ በጆሮዬ መስማት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ወጣን። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለቱ ስልኮች ተለያዩ። የባለቤቴ በጣርማ በር ዞሮ በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ የሚያደርሰውን የለመድነውን መንገድ ይዞ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የአባቴ ደጅ የምንደርሰው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው አለ። የኔው በስተግራ አንድ ቀጭን መስመር ስቦ አራት ተኩል አለ።

"የለመድነውን እንያዝ" አለች ባለቤቴ።

"የተወለድኩበትን አገር አንቺ ልታሳዪኝ ነው?" አልኳት።

እውነቱን ለመናገር በዚያ መንገድ በሕይወቴ ሄጄ አላውቅም። ግን መንዜ ነኝ፣ ካርታውም ከኔ ጋር ተስማምቷል። ለወንድሜ ደወልኩና "አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደጃቸው ነን በላቸው" አልኩት። ይሄንን ባልል ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

መንገዱ መጀመሪያ ጥርጊያ ነበር፣ ከዚያ ድንጋይ ብቻ ሆነ። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ጎማ ተበሳ። ስኮርታውን ሳወርደው እሱም ነፋስ የለውም፤ የከተማ ሰው ስኮርታ ማን ያያል! ሁለቱን ጎማዎች በአህያ አስጭነን፣ ጎሚስታ ያለበት ቦታ ድረስ በእግር ሄደን፣ አስጠግነን ስንመለስ ስድስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ኔትወርክ የለም። ባለቤቴ አሁንም እንመለስ አለች። ስልኬ ግን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀረ ይላል። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ማን ይመለሳል? ሠላሳ አምስቱ ደቂቃ ሁለት ሰዓት ፈጀና ከገደል አፋፍ ላይ አቆመን።

መስመሩ በስልኬ ላይ ቀጥ ብሎ ያልፋል። መሬቱ ግን እዚያ ያበቃል። አፋፉ ላይ ገብስ የሚያጭዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

"አባት፣ እዚህ ጋ መንገድ አለ ይላል" አልኳቸው ስልኩን እያሳየሁ።

"አለ እንጂ፣ ልጄ። የአህያ መንገድ ነው። በእግር ከወረድክ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ማዶ ትወጣለህ። መኪናዋን ግን ወደመጣችበት መልሳት።"

ማዶውን አየሁ። የአባቴ ቤት ቆርቆሮ፣ በሩ ላይ ያለው ትልቁ ጽድ፣ ከበላዩ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሁሉም ፊት ለፊቴ ነው። ከጽዱ ሥር ነጭ የለበሰ ሰው ተሰብስቧል። ቆሜ ሳይ ሕዝቡ ከግቢያችን ወጣና ቀስ እያለ ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መሄድ ጀመረ። ከፊት ቀይ ጥላ ተዘርግቷል። ሽማግሌው ማጭዳቸውን አስቀምጠው ቆባቸውን አወለቁ። ባለቤቴ እጄን ያዘች።

አፋፉ ላይ ኔትወርክ ነበርና ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው።

"ጋሼ፣ የት ደረሳችሁ?"

"መንገድ ተበላሽቶብን ልንመለስ ነው። አባባስ?"

ከኋላው የብዙ ሰው እግር ይሰማል። "ትንሽ ተሽሏቸው ተኝተዋል። አትቸኩል፣ ቀስ ብለህ ንዳ። ስለሚመሽባችሁ መሐል ሜዳ እኔ ቤት እደሩ።"

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይ ላለ ሰው፣ ያውም መሪ ለጨበጠ፣ አይነገርም። ማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ከደጋፊ መሀል ተቀምጦ ነው የሚረዳው። ወንድሜ እንዳልገለበጥ ፈርቶ፣ የራሱን ለቅሶ ውጦ ነው የሚዋሸኝ። አየሁ ብዬ ብነግረው ምን አደርግለታለሁ? ድምፄ እንጂ እኔ አልሻገር። "እሺ፣ እንኳን ተሻላቸው" አልኩት።

መኪናዬ በዚያ ድንጋይ ላይ እየተንገጫገጨች በመጣሁበት ተመለስኩ። መሐል ሜዳ ስንገባ መሽቶ ነበር፤ ወንድሜ ራት አቀረበ፣ እኔም በላሁ። ሁለታችንም አንተያይም ነበር።

ማለዳ ሽማግሌዎቹ መጡ። የአባቴ የንስሐ አባት መርዶውን ጀመሩ፣ እኔም እንዳልሰማ ሰው ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበር። ጩኸቱ ጋብ ሲል እኚሁ ካህን አጠገቤ ተቀመጡና ያጽናኑኝ ጀመር።

"አባትህ እስከ መጨረሻው ልባቸውን አልሳቱም" አሉኝ። "አራት ተኩል ይደርሳል ሲሏቸው ቀና አድርጉኝ አሉ። ሰዓቱ ሲደርስ በሩን ክፈቱት አሉ። ከፈትንላቸው። ብርዱ ይገባ ነበር፤ እንዝጋው ብንል እንቢ አሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ሲያርፉ ነው እኛ የዘጋነው።"

ባለቤቴ በስተቀኜ ተቀምጣለች። የሷ ስልክ አምስት ተኩል ብሎ እንደነበር አላነሳችም። እስከ ዛሬም አላነሳችም።