የቆቦ ውሃና አራተኛው ማንቆርቆሪያ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቆቦ ባለው የእናቴ ቤት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ተቃጠለ። አራተኛው ነበር። አራቱንም ከአዲስ አበባ ገዝቼ የወሰድኩላት እኔ ነኝ።

እናቴ ወዲያው ደወለች። ሱብሒ ሰግዳ ለሻይ ውሃ ልታፈላ ነበር።

«ያ ዕቃ ሞተ» አለችኝ።

«እንዴት ሞተ?»

«እኔ ምን አውቄ? ጭስ ጭስ ሸተተኝ፤ ከዚያ ቀዩ መብራት ጠፋ። ውሃችንን ታውቀው የለ!»

አውቀዋለሁ። የቆቦ የቧንቧ ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት ውሃ ነው። ሳሙና ቶሎ አያረፋበትም። የታጠበ ብርጭቆ ሲደርቅ ነጭ ዱካ ይቀርበታል። የሻወሩ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይደፈኑና የተረፉት ውሃውን ወደ ግድግዳው ይረጩታል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ደግሞ ውሃ በፈላ ቁጥር ኖራው ከታች እየረጋ ድንጋይ ይሆናል። ድንጋዩ ሲወፍር ሙቀቱ ወደ ውሃው ማለፍ ያቅተዋል፤ ማሞቂያው ራሱን ያቃጥላል። ይህን ሁለት ጠጋኞችን ለየብቻ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

አዲስ አበባ ስኖር ዓመታት አልፈዋል፤ ውሃውን ግን አልለመድኩትም። ሳሙናው ቶሎ ያረፋል፣ ነገር ግን ከእጄ የለቀቀ አይመስለኝም፤ ደጋግሜ እለቀለቃለሁ። ሻዩ ጥርት ያለ ነው። የእናቴ ሻይ ጠቆር ብሎ ከላዩ ስስ ሽፋን ይይዛል፤ በማንኪያ ሲነኩት ይሰነጣጠቃል። ቢሮ ውስጥ ሻይ ሲቀርብልኝ ሳላስበው ማንኪያዬን ከላዩ የማሳርፍበት ቀን አለ። የሚሰነጠቅ ነገር የለም። ለባልደረቦቼ ያንን ሽፋን እናፍቃለሁ ብላቸው ስለ ቆሻሻ የማወራ ይመስላቸዋል።

በሚቀጥለው ዓርብ ፈቃድ ወስጄ፣ አምስተኛውን ማንቆርቆሪያ እግሬ ስር አድርጌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቆቦ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን፣ ጎብዬ ላይ፣ ሹራቤን አወለቅሁ። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፤ በመስኮት የሚገባው ነፋስም ይሞቃል። ከመናኸሪያው በባጃጅ ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ዶሮ ታርዷል። የማጠቢያውን ሎሚ ሁሉ የጨመቀችው ራሷ ናት።

ጠዋት አዲሱን ማንቆርቆሪያ ልሰካ ስል ሶኬቱም ቀልጦ አገኘሁት። ኤሌክትሪሺያን እስኪመጣ ለሻይ የፈላ ውሃ ላመጣ ፔርሙዝ ይዤ ጎረቤት ሄድኩ። ጎረቤታችን በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው፤ ከእኛ ጋር የሚጋሩት ግድግዳ ብቻ አይደለም፣ የቧንቧው መስመርም አንድ ነው። ውሃ ልሞላ ማንቆርቆሪያቸውን ስከፍተው ውስጡ ያበራል።

«አዲስ ነው?» አልኳቸው።

«የምን አዲስ! የመጀመሪያ ልጄ ሳትዳር የገዛሁት ነው።»

«ታዲያ ድንጋዩስ?»

«ሎሚ ነዋ! በየሳምንቱ ሎሚ ጨምቀህ ታፈላበታለህ፤ ትንሽ ከቆየ ቅርፊቱ ተነሥቶ ይወጣል። ጋዜጠኛ ነኝ እያልክ ይሄን አታውቅም?» ብለው ሳቁብኝ። «ማን ያስተማረኝ መሰለህ? እናትህ ናት።»

ፔርሙዙን ይዤ ስመለስ ሌላ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ትዝ አለኝ። ቆቦ ገበያ ላይ ማንቆርቆሪያ ሞልቷል፤ ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እኔ ከአዲስ አበባ አመጣለሁ? በሥራዬ የአንድ ሰው ቃል ብቻ ይዤ ዜና ጽፌ አላውቅም። የእናቴን ቃል ግን አራት ጊዜ ሳላጣራ ተቀብያለሁ።

«እማ፣ ለካ የሎሚውን ነገር ታውቂዋለሽ?»

«ሎሚ የማያውቅ ማን አለ?»

«ታዲያ ለምን አታጸጂበትም?»

«መጭመቅ አልችልም፤ እጄን ያመኛል።»

«ትናንት ዶሮውን ያጠብሽው በምንድን ነው?»

«ወይ ጉድ! ደግሞ መርማሪ ፖሊስ ሆንክብኝ?»

«ይሄ የመጨረሻው ስንት ጊዜ ቆየ?»

«ሰባት ወር ከአስር ቀን» አለች፣ ሳታስብ። ከዚያ ፊቷን ወደ ፔርሙዙ አዙራ ሻዩን እየቀዳች ጨመረችበት፦ «ሦስተኛው ነው የባሰው። ያ ጨካኝ፣ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው!»

ሻዬን ጠጣሁ። ሽፋኑ ነበረበት። ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ ሶኬቱን ሲቀይር እኔ ገበያ ወጥቼ አንድ ፌስታል ሎሚ ገዝቼ ተመለስኩ። ጎረቤታችን በየሳምንቱ እየመጡ ማንቆርቆሪያውን ሊያጸዱልን ተስማሙ። ነገሩን ያስተካከልኩ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ሎሚውን አየችው።

«እንዲህ ከተደረገ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ዓመታት» አልኳት።

«ዓመታት» አለች። «ደግ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እዚያ ቆየች።

እሑድ ንጋት ላይ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት የምትለኝ ነገር ነበር፤ ከሞተሩ ድምፅ የተነሣ አልሰማሁትም።

ጎረቤታችን ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ዓርብ ዓርብ ሎሚ ያፈላሉ። እናቴ ስትደውል ስለ ማንቆርቆሪያው አታነሣም። ባለፈው ሳምንት እኔው ጠየቅኳት፤ ይሠራል አለችኝ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ሁለት ዓመት አልፏል። ቆቦ የሄድኩት አንድ ጊዜ ነው።