የሐጂ ዱዓሌ ቀይና ቢጫ እንክብል

ባለፈው ሰሞን ምራቴ የልጇን የተላጠ ጉልበት ላክም ብላ ቀይና ቢጫ እንክብል ከፍታ ዱቄቱን ስትነሰንስበት ደረስኩ። ያ መራራ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። "እማማ፣ ምን ሆንሽ?" ትለኛለች። እኔ ግን በንጉሡ ዘመን፣ ድሬ ውስጥ ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ከሐጂ ዱዓሌ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነበር።

የዚያ ሱቅ ነገር ተወርቶ አያልቅም። የላምባ በርሜል፣ ጆንያ ሙሉ ተምር፣ በባቡር ከጅቡቲ የመጣ ፓስታ፣ የሽቶ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ። ባንኮኒው ላይ ሁለት የመስታወት ማሰሮዎች ነበሩ፤ በአንደኛው ከረሜላ፣ በሌላው ቀይና ቢጫው። ሁለቱም በፍሬ ነው የሚሸጡት። ጥርሱን ያመመው፣ ያሳለው፣ ሆዱን የቆረጠው ሁሉ "ሐጂ፣ አንድ ፍሬ" ይላል። ከጀልዴሳ ግመል እየነዱ የሚመጡትም ለታመመች ፍየላቸው ይወስዳሉ። ሐጂ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቸገረው ሰው ካየ በነጻ ያስይዘዋል። ድሬ አንቱታ አታውቅምና እኔም "አንተ" እያልኩት ነው ያደግሁት፤ ዛሬ "እርስዎ" ብዬ ብጠራው ሌላ ሰው ይሆንብኛል።

ሆዳን አንድያ ልጁ ነበረች፤ ከእኔ ትንሽ ከፍ ትላለች። ፀጉሬን ስትጎነጉን ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሃል ጠምዳ፣ "ካለቀስሽ ግማሹን ትቼልሽ ነው የምሄደው!" ትለኝ ነበር። አንድ ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከወረደ በኋላ አሸዋው ላይ ስንሯሯጥ የዛገ ቆርቆሮ እግሯን ሰነጠቃት። ሐጂ እንክብል ከፍቶ ነሰነሰበት፤ ሌላ አንድ ፍሬ አስዋጣት። ትኩሳቷ በረድ ሲል ተወ። ሲመለስባት ደግሞ አስዋጣት፤ በረድ ሲል ተወ። እንዲህ እንዲህ ሲል ክረምቱ ተገባደደ። በዚያ መሃል የቤታቸው ፍየል ማሳል ጀመረች። ሆዳን የራሷን እንክብል ከፍታ እኩሌታውን በውሃ በጥብጣ አጠጣቻት። "እሷም ታማለች እኮ፤ ብቻዬን ልዳን?" አለችኝ። ያለንን ማካፈል እንጂ ሌላ ምን ተምረን!

እግሯ ሲጠቁርና ሰው መለየት ሲያቅታት ሐጂ በጋሪ ሆስፒታል ወሰዳት። እናቴም አብራ ሄዳ ስለነበር የሆነውን የሰማሁት ከእሷ ነው። ሐኪሙ "ምን ሰጠሃት?" ሲለው ሐጂ ኮራ ብሎ፣ "ጥሩውን ነዋ! ሲያማት እሰጣታለሁ፣ ሲተዋት እተዋለሁ። ፍየሏ ሳትቀር ድናበታለች" አለ።

"ትንሽ ትንሽ እያቀመስክ በሽታውን ከመድኃኒቱ ጋር አላመድከው" አለው ሐኪሙ። "አሁን አይፈራውም።"

ሌላ መድኃኒት ሞከሩ። ግን የቁስሉ መርዝ ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሆዳንን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሲያወጧት፣ የጎነጎነችኝ ፀጉር ገና አልተፈታም ነበር።

ከሐዘኑ በኋላ ሐጂ ሱቁን ሲከፍት ባንኮኒው ላይ የቀረው የከረሜላው ማሰሮ ብቻ ነበር። ሰው ተቆጣ። "ሐጂ ዶክተር ሆነ አሉ!" እያለ የሳቀበትም አለ። የጀልዴሳው ደንበኛው ሮብሌ "ወላሂ ለፍየል ነው፣ ለሰው አይደለም!" ብሎ ሲለምነው፣

"ለፍየልም አይሆንም አቦ! የከብት ሐኪሙን ጠይቅ" አለው።

ሮብሌ ተሳድቦ ማዶ ካለው ሱቅ ገዛ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ልጇን እንዳዘለች ፊቱ ቆማ፣ "ለልጅህ ሲሆን ነበረህ፣ ለእኔ ልጅ ሲሆን አለቀብህ?" አለችው።

"ለልጄ ስለነበረኝ ነው" አላት ሐጂ።

በዓመቱ ታናሽ ወንድሜን የሳንባ ምች ጣለው። እናቴ እንክብል ልትገዛ ወደ ማዶው ሱቅ ስትሮጥ ሐጂ መንገድ ላይ አስቆማት፤ ጋሪ ጠርቶ ልጁን ራሱ ታቅፎ ሆስፒታል አደረሳቸው። ሐኪሙም መድኃኒት ሰጥቶ፣ ልጁ ቢሻለው እንኳ እስኪያልቅ እንዳታቋርጥ አስጠነቀቃት። ከዚያ ወዲያ ሐጂ በየጠዋቱ ደጃችን ይቆማል። ግባ ቢሉት አይገባም። "ዛሬስ ዋጠ?" ብሎ፣ መልሱን ሰምቶ ይሄዳል።

አንድ ጠዋት እናቴ፣ "ኧረ ሐጂ፣ ልጁ ድኗል! ይኸው ውጭ ኳስ ያንከባልላል። የቀረውን ለሌላ ጊዜ ላስቀምጠው" አለችው።

"ሆዳንም ሲሻላት ትጫወት ነበር" አላት።

እናቴ ወጥታ ወንድሜን ጠራችው፤ ሐጂ እያየው ዋጠ።

ይህን ሁሉ ለምራቴ አጫውቼ እንክብሉን ከእጇ ወሰድኩ። ሐጂ ሌላ ልጅ ሳይተካ አለፈ። ሱቁም ፈርሶ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ወንድሜ ግን ይኸው ሸብቷል፤ የልጅ ልጆቹን አስከትሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ ቤቴ ይጠበኛል።