ከኪኑዮ ራስ በላይ

የኪኑዮ ሳዋሜ መተዳደሪያ መቆም ነበር። ከቶኪዮ በስተምዕራብ፣ በታማ ወንዝ ዳር ባሉት ስቱዲዮዎች ከወጣትነቷ ጀምራ ቆማለች። በመጀመሪያ በጥንት ዘመን ፊልሞች ከገበያተኛው መሃል ቆመች። ከዚያ በመንፈስ ፊልሞች ፀጉሯን ፊቷ ላይ ደፍታ ከአኻያ ዛፍ ስር ቆመች። ዕድሜዋ ስልሳን ሲሻገር ደግሞ ካሜራው ጨርሶ ወደማያያት ቦታ፣ ከሌንሱ ጎን ተዛወረች።

ሥራው እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ የአንደኛው ፊት በቅርብ ሲቀረጽ፣ ሁለተኛው ከካሜራው አጠገብ ቆሞ ዓይኑን ይሰጠዋል። ሁለተኛው ተዋናይ ሌላ ቦታ ሥራ ከያዘ ኪኑዮ በእሱ ቦታ ትቆማለች። የእሱን ቃል ታነባለች፤ ተዋናዩም እሷን እያየ ያንን የሌለውን ሰው ያፈቅራል። አንድ ደንብ ብቻ አለ፦ ቃሉ የባቡር ጣቢያ ስም እንደሚነበብ፣ ያለ ስሜት መነበብ አለበት። ምትክ ሆኖ የቆመ ሰው ስሜት ከጨመረ የማይጠራ ነገር ይጠራል ይላሉ የድሮዎቹ። ወጣቶቹ ደግሞ የተዋናዩን ስሜት ይሰርቅበታል ይላሉ። ኪኑዮ ምክንያቱን ሳትጠይቅ ደንቡን ስታከብር ኖረች።

ቢ ኤል የሚሏቸው፣ የሁለት ወንዶችን ፍቅር የሚተርኩ ተከታታይ ድራማዎች ከበዙ ወዲህ ሥራ ጠፍቶባት አያውቅም። በእነዚህ ድራማዎች ነገሩ ሁሉ ያለው ዓይን ውስጥ ነው። አንዱ ይቀርባል፣ አንዱ ይሸሻል። አንዱ ወጥ ይሠራል፣ ሌላው በልቶ ሳህን ያጥባል፤ እጅና እጅ ሳይነካካ አንድ ሙሉ ክፍል ያልቃል። ተመልካቹ የሚጠብቀው ያ ልቡን የዘጋው ሰው ቀና ብሎ የሚያይባትን ቅጽበት ነው። ያቺ እይታ ደግሞ፣ ስንት ጊዜ መሰላችሁ፣ ያረፈችው በኪኑዮ ፊት ላይ ነበር።

«እትዬ ኪኑዮ፣ በዚህ አገር እንደ እርስዎ በቆንጆ ወንድ የታየች ሴት የለችም እኮ» ትላታለች ሜካፕ የምትሠራው ልጅ።

«ታየሁ እንጂ መች ተፈለግሁ» ትላለች ኪኑዮ፣ ይስቃሉ።

ቤቷ ስትገባ ግን አትስቅም ነበር። ሟቹ ባሏ የመብራት ሠራተኛ ነበር፤ ደግ ሰው። ዕድሜውን ሁሉ ሲያያት የሚያየው ብርሃኑ አፍንጫዋ ላይ በትክክል ማረፉን ነው። ስለዚህ ከሌንሱ ጎን ያለችው ያቺ ጠባብ ቦታ ለኪኑዮ ምን እንደነበረች ለማንም ነግራ አታውቅም።

በዚያ መኸር ሁለት ጎረቤታሞችን የሚተርክ ድራማ ይሠሩ ነበር። አንደኛው ፒያኖ የሚያስተካክል ዝምተኛ ሰው ነው። ሌላው ከበላዩ ያለው ቤት የገባ፣ አፉ የማያርፍ ወጣት ኤሌክትሪሺያን። ዝምተኛውን የተጫወተው ካናሜ ነበር፤ ስሙ በየባቡሩ ማስታወቂያ ላይ ያለ። ኤሌክትሪሺያኑን የተጫወተው ሹንጎ ያታቤ ግን ማንም የማያውቀው፣ እስከዚያ ድረስ በመኪና ማጠቢያ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። የካናሜ ወኪሎች ጊዜውን ለብዙ ሥራ ስለሸጡት የእሱ ክፍል ሁሉ በጥቂት ቀናት ታጭቆ ተቀረጸ። እንደ ልማዱ «ካናሜ እዚህ ላይ ጨርሷል!» ተብሎ ተጮኸ፤ ተጨበጨበ፤ እቅፍ አበባ ተሰጠው። ካናሜ አበባውን ታቅፎ ዞር ዞር አለ።

«አንድ ነገር ረስቼ የምሄድ ይመስለኛል» አለ።

«ስልክህ ከሆነ እኔ ጋ ነው» አለችው ወኪሉ ሚሳኪ፣ ሁሉም ሳቁ። በማግሥቱ ለመድረክ ቲያትር ልምምድ ወደ ፉኩኦካ በረረ።

የቀሩት የሹንጎ የቅርብ ቀረጻዎች ነበሩ፤ በአንድ አሮጌ መኖሪያ ፎቅ ጣራ ላይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። በመጀመሪያው ቀን ሹንጎን አቃተው። ቃሉን ይላል፤ ዓይኑ ግን ባዶ ነው። ዳይሬክተሩ ኦሪሃታ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው።

«ወንድሜ፣ የምታየው የምትወደውን ሰው ነው! የውሃ ቆጣሪ አይደለም የምታነበው!»

የልጁ ጆሮ ቀላ። ኪኑዮ አዘነችለት። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ፣ ያቺ እይታ እንድትመጣላት ፈለገች። ካናሜ ከመናገሩ በፊት አየር ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ሳብ የማድረግ ልማድ ነበረው። ካሜራው መቅረጽ ሲጀምር ኪኑዮ ልክ እንደ እሱ ሳብ፣ ሳብ አደረገችና «ስትመጣ ኮቴህን እሰማለሁ» የሚለውን ቃል በካናሜ ትንፋሽ አለችው።

የሹንጎ ዓይን በአንዴ ሞላ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ እይታ አይታ አታውቅም። አንድ ሰው መስኮት የከፈተባት ያህል ደነገጠች።

«ካት! ይኸው! የት ነበርክ እስከዛሬ?» አለ ኦሪሃታ።

ከዚያ ቀን ወዲያ እንዲሁ አነበበች። ኪኑዮ አጭር ናት፤ ዓይኗ ከካናሜ ዓይን እኩል እንዲሆን የምትቆምበት የእንጨት ሳጥን አላት። አንድ ቀን ንፋሱ በርትቶ፣ ሰው ሁሉ መብራቶቹን ሲይዝ፣ ሳጥኑን ረስታ መሬት ላይ ቆመች። የታወሳት ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው። «ይቅርታ፣ ልድገመው፤ ቁመቴ...» ልትል ወደ ኦሪሃታ ሄደች። እሱ ግን ምስሉን እያየ በደስታ ራሱን ይነቀንቃል። ጎንበስ ብላ አየች። የሹንጎ ዓይን ካናሜ ዓይን በሚገኝበት ከፍታ ላይ፣ ከእሷ ራስ በላይ፣ ጸጥ ብሎ አርፏል። ባዶ አየር የሚያይ ሰው ዓይኑ ይዋልላል፤ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። የሹንጎ ዓይን ግን አልዋለለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከፊቱ ያለ ሰው ክብደቱን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር እንደሚከተሉት ዓይነት፣ ትንሽ ወደ ግራ ሄዶ ተመለሰ።

በማግሥቱ ሆን ብላ ሳጥኑን ተወችው። ቃሉን ስታነብ ማጅራቷ ቀዘቀዘ። የንፋስ ቅዝቃዜ አልነበረም፤ በሁለት አጫጭር ትንፋሽ፣ ሳብ፣ ሳብ የሚል ነበር። እሷ አየሩን ሳትስብ።

በሚቀጥለው ቀን ሚሳኪ ከፉኩኦካ መጣች። ሥራውን የጨረሰ ተዋናይ ለቀሩት ጣፋጭ መላክ ልማድ ነውና፣ «ከካናሜ» የሚል የተለጠፈባቸው የቀይ ባቄላ ኬኮች ይዛ ነበር። ኬኩን ስታድል ለአንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ሰጠችው። ኪኑዮ ወደ ደረጃው ጥግ ወሰደቻት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እትዬ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ካናሜ ታሟል። ቀን ደህና ነው፤ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ በልምምዱ መሃል ቁጭ ይላል። ፊቱ ወረቀት ይመስላል፤ ብንጠራው አይሰማም። ሐኪሞቹ ምንም የለውም ይላሉ። ደግሞ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።»

«ምን ይላል?»

«የዚህን ድራማ ቃል። ‹ስትመጣ ኮቴህን እሰማለሁ› ይላል። በየቀኑ እየዘገየ ነው የሚነቃው፤ ትናንት ልቡ ቀጥ ልትል ነበር።»

ኪኑዮ የያዘችውን ኬክ አስቀመጠች። በወጣትነቷ ከአኻያው ስር የቆመችው ሁልጊዜ የሙት መንፈስ ሆና አልነበረም። አንዳንዴ የሕያው ሰው መንፈስም ትሆን ነበር፤ ከሙቱ ይልቅ የሚፈራው እሱ ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ ከገላው ወጥቶ ወደ ናፈቀው ቦታ ይሄዳል፤ በቆየ ቁጥር ገላው እንደተተወ ቤት ይፈርሳል። ይህን የፊልም ወሬ ነው ብላ ነበር የኖረችው።

ለኦሪሃታ ሄዳ ነገረችው። እስኪበቃው ሳቀ።

«እትዬ ኪኑዮ፣ የመንፈስ ፊልም በጣም አብዝተዋል።»

«የዛሬውን ሌላ ሰው ያንብበው።»

«ዛሬ? የፍቅሩ ቃል የሚነገርበትን? ይቀልዳሉ እንዴ! ተመልካቹ ዘጠኝ ክፍል ሙሉ የሚጠብቀው ይህን አይደል?»

ወደ ሹንጎ ሄደች። ጣራው ላይ ከተሰጣው ልብስ ኋላ ተቀምጦ ቃሉን ያጠናል።

«ልጄ፣ ስታየኝ ማንን ነው የምታየው?»

ሹንጎ ከወረቀቱ ቀና አለ። «ያውቁታል ብዬ ነበር» አለ። «ከኋላዎ ነዋ የሚቆመው። ትናንት ሹራብ አልለበሰም፤ የሚበርደው ይመስለኛል።»

ኪኑዮ ከሚሳኪ የሰማችውን ሁሉ ነገረችው። ልጁ እያዳመጠ የእጁን ወረቀት አጠፈው፣ እንደገና አጠፈው።

«ማነው ግን የሚመጣው?» አለ። «ካናሜ ነው ወይስ ፒያኖ አስተካካዩ? ካናሜማ ከቀረጻ ውጭ ‹ደህና አደርክ› ከማለት ሌላ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ገላው ግን አንድ ነው። የዛሬውን መልስ ካገኘ ወደ ገላው የሚመለስ አይመስለኝም። አድርቄ ላነብልህ ነው፤ እንደ ባቡር ጣቢያ።»

«እንደዚያ ካነበቡልኝ እኔ አበቃልኝ!» ከተቀመጠበት ተነሣ። «ከዚህ በፊት ምን እንደነበርኩ ያውቃሉ። ከእንግዲህ ለሥራ ቢጠሩኝ በዚህ አንድ ቀረጻ ምክንያት ነው። ደግሞ... ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፣ እትዬ። ማንም።»

ኪኑዮም ያንኑ ልትለው ትችል ነበር።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ተጠሩ። ወንዙ የቀለጠ እርሳስ መስሏል፤ ከድልድዩ ላይ ባቡር መብራቱን አብርቶ ያልፋል። ኪኑዮ ከሌንሱ ጎን ቆመች። ማጅራቷ ቀዝቅዟል። ከኋላዋ ያለው ቅርብ ነበር፤ ዛሬ ከወትሮው ይልቅ ቅርብ።

«ጸጥታ! ተዘጋጁ... ጀምሩ!»

ሹንጎ ቀና አለ። «እወድሃለሁ» አለ። ዝግ ብሎ፣ ምንም ሳይጨምር።

የኪኑዮ ቃል «አውቃለሁ። እኔም።» የሚል ነበር። አፏን ከፈተች። አድርቃ ለማንበብ የወሰነችው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ በሁለት አጫጭር ትንፋሽ ሊወጣ ሲል ተሰማት፤ ትንፋሹ የእሷ አልነበረም። ጥርሷን ነከሰች። አፏን በእጇ ያዘች። ዝም አለች።

ዝምታው ረዘመ። ኦሪሃታ «ካት» አላለም። ሹንጎ ከራሷ በላይ እያየ ጠበቀ፤ ከዚያ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። በእንዲህ ያሉ ድራማዎች ከመጨረሻው ክፍል በፊት አንደኛው ለሌላው ደኅንነት ሲል የሚተውበት ቦታ አለ። ተመልካቹ ያለቅሳል፤ ግን ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ በሚቀጥለው ክፍል ይታረቃሉና። ሹንጎ ጽሑፉ ላይ የሌለ ቃል ተናገረ።

«ሂድ» አለ። «ይበርድሃል። ሂድ ወደ ቤትህ።»

ዓይኑ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ከኪኑዮ ራስ በላይ ተነሥቶ፣ በተሰጣው ልብስ መሃል እያሳበረ፣ ወደ ደረጃው በር ሄደ። የሚርቅ ሰው እንደሚከተሉት ነበር የተከተለው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ አንድ ሰው ዞር ብሎ እንዳየው ሁሉ የሹንጎ አገጭ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የሚያየው ነገር አለቀ። የኪኑዮ ማጅራት ሞቀ።

ሹንጎ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እሷን አያት። እሷን ራሷን፤ አጭር፣ ሽበታም ሴት፣ አፏን በእጇ የያዘች። በዚያ እይታ ውስጥ ፍቅር አልነበረም።

«ካት» አለ ኦሪሃታ በሹክሹክታ።

ማንም አላጨበጨበም። የድምፅ ባለሙያው የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ዙሪያውን ያያል።

«ካናሜ መጥቷል እንዴ?» አለ።

«ኧረ የት ይመጣል! ምነው?»

«‹ሂድ› ካለው በኋላ የመለሰለት ማነው ታዲያ?»

ማዳመጫውን ለኪኑዮ አቀበላትና ቀረጻውን ደገመው። የባቡሩ ድምፅ፣ የሹንጎ «ሂድ ወደ ቤትህ»፣ የራሷ የታፈነ ትንፋሽ። ከዚያ ከበሩ አቅጣጫ፣ ከሩቅ፣ የካናሜ ድምፅ አንዲት ቃል ተናገረ፦ «እሺ።»

ሚሳኪ ደረጃው ላይ በስልክ እያለቀሰች ነበር። ከፉኩኦካ ደውለው ካናሜ ነቅቷል፣ ሩዝና ትኩስ ሾርባ ጠይቆ እየበላ ነው ብለዋታል።

ድራማው ተላልፎ ተወደደ። ያ ረጅም ዝምታ ሳይቆረጥ ቀረ፤ «እሺ» የምትለውን ቃል ኦሪሃታ ማንንም ሳያማክር አጠፋት። የመጨረሻው ክፍል ሲጠናቀቅ በተደረገው ግብዣ ካናሜ መጣ፤ ፊቱ ሞልቷል፣ ጉንጩ ቀልቷል። ለሹንጎ እጅ ነሳ።

«ብዙ አስቸገርኩህ መሰለኝ። የሚገርምህ፣ ከቀረጻው ምንም ትዝ አይለኝም» አለው እየሳቀ።

«ጤናህ ተመለሰ?»

«ፈጽሞ ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና ነኝ» አለ ሹንጎ።

ጎን ለጎን ቆመው ፎቶ ተነሡ። ፎቶ አንሺው «ተያዩ እንጂ!» አላቸው። ካናሜ በታዘዘው መሠረት ሹንጎን አየው፤ ጥሩ አድርጎ፣ ባለሙያ እንደሚያይ። ሹንጎ ግን ከካናሜ ትከሻ በላይ አልፎ ወደ በሩ ሲመለከት፣ ኪኑዮ ከምግብ ጠረጴዛው ኋላ ሆና አየችው። በሩ ላይ ሰው አልነበረም። ፎቶ አንሺው ሦስት ጊዜ አነሣቸው፤ ሦስቱም አልሆኑለትም።